በምላጭ የፋቅሁት ስም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ትንንሹን ኃጢአቴን እየቆጠርሁ ስነግራቸው ኖሬ፣ ትልቁን ሁልጊዜ ውጬው እመለሳለሁ።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ እንጅባራ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነበረኝ። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ኦርጋን ከመርካቶ አመጣለሁ፤ የፋብሪካውን ስም በምላጭ እፍቅና የታወቀውን የጃፓን ስም እለጥፍበታለሁ። እኔ ነኝ የለጠፍሁት። ማንም አላዘዘኝም።

አንድ ቀን ይበልጣል የሚባል ወጣት ግምጃ ቤት ከምትባለው የጎረቤት ከተማ መጣ። በኪራይ ኦርጋን ሠርግ ላይ ሲጫወት ሰምቼዋለሁ፤ እጁ ያስቀናል። የራሱን ለመግዛት ከአባቱ የወረሰውን ፈረስ ሸጦ ነበር። በእኛ በአዊ አገር ፈረሱን የሸጠ ሰው በበዓልም በለቅሶም ከፈረሰኞቹ ተለይቶ ከእግረኛ ጋር እንደሚቆም እያወቅሁ ሸጥሁለት። የለጠፍሁትን ስም በመዳፉ ሲዳብሰው እያየሁ ብሩን ቆጠርሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በጥር አንድ ሠርግ ላይ ተገናኘን። ሙሽሮቹ ዳስ ሲገቡ የኦርጋኑ ግማሽ ድምፅ ጠፋ፤ የቀረው እንደታመመ ጥጃ ይጮህ ጀመር። ሰው ሳቀ። የሙሽራው አባት ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ አይደለህ የሸጥህለት? ዕቃው ምን ነካው?" አሉኝ። ይበልጣል ቀና ብሎ አየኝ።

"ዕቃውማ ኦርጅናል ነው፤ እጁ ነው እንጂ" አልሁ።

ማጭበርበሬ ሳያንስ እጁን ሰደብሁበት። ቢከሰኝ፣ አንገቴን ቢያንቀኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን አመነኝ። በሳምንቱ ሱቄ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎንም ዕቃዎንም አሰደብሁ" አለኝ። እኔም ይቅር አልሁት። እኔ፣ እሱን!

ከዚያ ወዲያ ለሠርግ የጠራው የለም፤ እሱም ሙዚቃ የሚባል አልነካም። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ክረምት ተሳፍሬ ሳለ ሴት ልጁ ከጎኑ ተቀምጣ፣ የትምህርት ቤቱ ሙዚቃ ክበብ ልግባ እያለች ትለምነዋለች።

"ተይው ልጄ፤ በእኛ ዘር እጅ የለም" አላት።

የመሳፈሪያውን ብር ከኪሴ አወጣሁ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? ለልጅቱ ስል እንኳ? "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወረድሁ።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለት የሚችለው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ እስካሁን በዳዩ ራሱ ይመስለዋል።