አንድ ባዘዘው በሁለት ወጣት

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ባዘዘውን የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የመጣ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከአገጩ የሚገናኝ ረጅም ሰው ነው። አባቱ አስተማሪ ሆነው ከጎጃም መጡ፣ እዚሁ ቀሩ፣ እዚሁ ተቀበሩ። ለልጃቸው ቁመታቸውን አወረሱት፤ ሌላ የሚወረስ ነገር አልነበራቸውም። ባዘዘው በዚያ ቁመት ከትምህርት ቤት ሜዳ ተነስቶ የደን ኮከብ ቅርጫት ኳስ ክለብ ዋና ተጫዋች ሆነ። ክለቡ ወደ ትልቁ ሊግ ያደገ ጊዜም፣ በኋላ መሸነፍ የለመደ ጊዜም ከቅርጫቱ ሥር የቆመው እሱ ነበር።

ሜዳው ጣሪያ የለውም። ሚዛን ደግሞ ዝናብ ተለምኖ የሚመጣበት አገር አይደለም። ተጫዋቾቹ ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት የቡና ጆንያ በእግራቸው እየገፉ ሲሚንቶውን ያደርቃሉ፤ ግማሹን አድርቀው ሳይጨርሱ ሌላው ዶፍ ይወርዳል። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ይስቅባቸዋል። ባዘዘው አብሮ ይስቅና ጆንያውን መግፋቱን ይቀጥላል።

ከሜዳ መልስ ቀጥታ ቤቱ ነው። እናቱን ወይዘሮ በየነችን ደም ግፊት ጥሏቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ፣ የሚያነሳቸውም የሚያስተኛቸውም እሱ ነው። ጎረቤታቸው ማናልሞሽ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፤ መሸከሙ ግን የልጃቸው ሥራ ነው። ዝናቡ ፋታ በሰጠ ጠዋት አቅፎ ፀሐይ ላይ፣ በረንዳው ጫፍ ያስቀምጣቸዋል። እዚያ ሆነው አላፊ አግዳሚውን በስሙ እየጠሩ ሰላም ይላሉ፣ ማን ማንን እንዳገባ ይጠይቃሉ። በሽታው ያልወሰደባቸው ነገር ቢኖር ይኸው ጨዋታቸው ነው። ባዘዘው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ አላገባም። ለምን ሲሉት ይስቃል።

ዘንድሮ ደን ኮከብ የመጀመሪያውን ዙር ከግርጌ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ቡድኑ ከወረደ ደጋፊም በጀትም እንደማይኖረው፣ ክለቡም እንደሚፈርስ ሁሉም ያውቃል። በዚህ ጭንቅ መሐል ድሬዳዋ ካለ አንድ ክለብ ጥያቄ መጣ። ባዘዘውን ስጡን፣ በምትኩ ሁለት ወጣት ተጫዋቾች እንሰጣችኋለን የሚል ነው።

ኮሚቴው እሑድ ከሰዓት ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አቶ ከፈለኝ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቅርጫት ኳስ ብዙም አይገባቸውም፣ ሰው ማስቀየም ግን ከሁሉ አስበልጠው ይፈራሉ። አሰልጣኙ ይትባረክ፣ ባዘዘው ለመከላከል ሲመለስ እየዘገየ መሆኑን፣ ቡድኑን የቸገረው ቁመት ሳይሆን ሯጭ እግር መሆኑን አስረዳ። የደጋፊዎች ተወካይ ዙሌይካ ተነሳች። ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ አላት፤ ጨዋታ ባለ ቀን ግን ሱቁ ዝግ ነው። ከቅርጫቱ ነጥሮ የሚመለሰውን ኳስ ማን ሊይዘው ነው፣ እነዚያ ልጆችስ ይህን ዝናብ አይተው ይቆያሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ይትባረክ እሱም እውነት ነው አለ። ሌላው ደግሞ በአንድ በኩል ሲታይ አለ፣ ቀጥሎም በሌላ በኩል ሲታይ አለ። ነገሩ እንዲህ ሲዞር ቆየ። ባዘዘው እንዲሄድ የፈለገ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ነገር ግን ቡድኑ ቢወርድ ያስቀረኸው አንተ ነህ መባልንም የፈለገ የለም። በመጨረሻ አቶ ከፈለኝ ልጁን ራሱን እንጠይቀው ሲሉ ሁሉም እፎይ አለ።

ባዘዘው ውጭ ሲጠብቅ ቆይቶ ገባ። ወንበር ቢያቀርቡለትም አልተቀመጠም።

«እንዲያው ያንተ ሐሳብ ምንድን ነው ልጄ?» አሉት አቶ ከፈለኝ።

በሆዱ ያለው ግልጽ ነው። እናቴን ለማን ጥዬ ነው የሚል ነው። አፉ ግን ሌላ አለ።

«ለክለቡ የሚበጅ ከሆነ እኔ ምን እላለሁ ጋሽ ከፈለኝ? ቤቱ ከወሰነ እሄዳለሁ።»

ይህ በእኛ አገር እሄዳለሁ ማለት አይደለም። እንግዳ ማዕድ ላይ ደርሶ ብላ ሲሉት «በልቼ ነው የመጣሁት» እንደሚለው ነው። ጦሙን የዋለም እንዲሁ ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ በሞቴ ብሎ፣ እጁን ጎትቶ ያስቀምጠዋል። ባዘዘው እጁን የሚጎትተው ሰው ጠበቀ። አንድ ሰው ይበቃው ነበር። አቶ ከፈለኝ ዙሌይካን አዩ፣ ዙሌይካ ይትባረክን አየች፣ ይትባረክ ጠረጴዛውን አየ። ለካ ልጁም ልቡ ሸፍቷል፣ ድሬዳዋም ትልቅ ከተማ ነው፣ እንጀራውን እንዴት እንዝጋበት ብለው አሰቡ።

«እንግዲህ ፈቃድህ ከሆነ፣ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» አሉት አቶ ከፈለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እዚያው ላይ፣ የለም እናቴ አለች ማለት ይችል ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ደህና ሰው ገደል እንደከተተ እግዜር ይወቀው፤ እኛ ግን አሁንም ጨዋነት ነው እያልን ልጆቻችንን እናስተምራለን። ዙሌይካ በሩ ላይ ደርሳበት የእውነትህን ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም ምን ችግር አለው አላት። ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ ተለያዩ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። ወይዘሮ በየነች አልጋቸው ላይ ሆነው ጠበቁት።

«ደግ አደረግህ ልጄ» አሉት፣ በዚያ በተጣመመ አፋቸው ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ። «ከእኔ ተገላገልክ።»

ሽሙጥ አልነበረም። እውነት መስሏቸው ነው፣ ደስም ብሏቸዋል፤ ልጃቸው ዕድሜውን በእሳቸው አልጋ ዙሪያ እንዳይጨርስ ሲሰጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ባዘዘው አይደለም ሊላቸው ፈለገ። አይደለም ካለ ታዲያ ለምን ትሄዳለህ ይሉታል። ትራሳቸውን አስተካክሎ ወጣና ከቤቱ ጀርባ ቆሞ አለቀሰ።

ማናልሞሽ አይዞህ አለችው። ሁለት ጎረምሶች ልጆች አሏት፤ ጠዋት ጠዋት እየገቡ ፀሐይ እንደሚያወጧቸው ነገረችው። ባዘዘው በዚያ ተጽናንቶ ሄደ።

ድሬዳዋ ሙቀቱ አሰነፈው። አብዛኛውን ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ አሳለፈ። በእሱ ምትክ ሚዛን ከመጡት ልጆች አንዱ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፤ ሌላው በዝናቡ ተማሮ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤተሰቦቹ ተመለሰ። ደን ኮከብ ወረደ። ባዘዘው ከልምምድ መልስ ለእናቱ ይደውላል። ፀሐይ ትወጫለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። አዎ ይሉታል።

ሰኔ ላይ ዙሌይካ ደወለች። እማማ በየነችን ትንሽ አሟቸዋል፣ ብትመጣ ደስ ይላቸዋል አለችው። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም። ባዘዘው ገባው፣ ግን አልጠየቃትም፤ ልብሱን ሰብስቦ መኪና ተሳፈረ። ሚዛን ሲደርስ ድንኳኑ ደጃቸው ላይ ተተክሎ፣ እናቱ ተቀብረው ነበር። ኮሚቴው በሙሉ ተነስቶ ቆመለት። አቶ ከፈለኝ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ይትባረክ አቀፈውና አንገቱ ሥር ሆኖ ተናገረ።

«ባዜ፣ እኔኮ እንድትቀር ነበር የምፈልገው።»

«እኔም» አለ ባዘዘው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ማናልሞሽ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው አለችው። እሱ በሄደ በማግሥቱ ልጆቿ ሊያወጧቸው ገቡ። ወይዘሮ በየነች ተዉኝ፣ ዛሬ ይበርደኛል፣ እናንተንም አስቸገርኩ አሉ። በሚቀጥለውም ቀን ተዉኝ አሉ። ልጆቹ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም።

«እሺ ብዬ ተውኳቸው ባዜ። ፀሐዩን የጠሉት መሰለኝ። ካንተ ወዲህ ከዚያ አልጋ አልወረዱም።»

ባዘዘው ሊቆጣት ቀና አለ። ፊቷን አየና ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ ጠፋበት።

«በስልክ ሁልጊዜ አዎ ትለኝ ነበር» አለ።

«እንዳትጨነቅ ብለው ነው» አለች ማናልሞሽ።