ዶርካስ ፌሚን ስትሸጥ

ዶርካስ ሬነር ማስታወቂያዋን የለጠፈችው የዓሣ ገበያው በር ላይ ነው፤ ያውም ሰው ዞር ብሎ በማያየው በኩል። «ለሽያጭ የቀረበች የቀድሞ ነፍስ አድን ጀልባ። መኝታ፣ ምድጃና መጸዳጃ አላት። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ባለቤቷን ያነጋግሩ» ይላል። ባለቤቷ ማን እንደሆነች ግን አይናገርም። የባሏ ወንድም ካዲ ይህን አንብቦ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አንቺ ሴት፣ ልትሸጫት ነው ወይስ ልትደብቂያት?»

«የፈለገ ጠይቆ ያገኘኛል። ስኬርበርን ውስጥ የማያውቀኝ ማን አለ?»

«ስኬርበርን ውስጥማ ማን ይገዛታል! ሁላችንም ጀልባ አለን፤ የጠፋው ጉልበት ነው።»

የጠፋው ጉልበት መሆኑን ዶርካስም አታጣውም። ዳሌዋ እንቢ ካላት ከርሟል፤ ከወደቡ ግንብ ወደ ጀልባዋ የሚያወርደው የብረት መሰላል በየቀኑ ያስለቅሳታል። ልጇ ኤልስፔት ከተማ ውስጥ ደረጃ የሌለው ቤት አዘጋጅታላታለች፤ ዶርካስም ብርዱ ሳይገባ እመጣለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ቃሉ ቀላል ነበር። ከባዷ ፌሚ ናት።

የፌሚ ሙሉ ስሟ ዩፊሚያ ኮል ነው። ስሙ የአንዲት ባለጠጋ ሴትዮ ነው፤ ጀልባዋን በገንዘቧ አሠርታ ለመንደሩ ሰጠች እንጂ ባሕር የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። የስኬርበርን ሰው ደግሞ ማዕበል መሀል ያን ሁሉ ስም ለመጥራት ትዕግሥት ስላልነበረው «ፌሚ» ብሎ አሳጠራት።

ዶርካስ ከፌሚ ጋር የተዋወቀችው በገመድ ነው። በዚያ ዘመን ባሕር ላይ ሰው ተቸግሯል የሚሉት ሁለት ርችቶች ሰማይ ላይ ሲፈነዱ ወንዶቹ ወደ ጀልባዋ፣ ሴቶቹ ወደ ገመዱ ይሮጣሉ። ወንዶቹ ተሳፍረው ቁጭ ይላሉ፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ወገባቸው በረዶ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ያቺን የምታህል ጀልባ ስበውና ገፍተው ባሕር ላይ ይጥሏታል። ከዚያ ዳር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የገፋች ሴት ጀልባዋ ሳትመለስ ወደ ቤቷ አትሄድም። ዳቦው ይረር፣ ሕፃኑ ያልቅስ፣ ለገፋሻት ጀልባ ጀርባሽን አትሰጪም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም። ዶርካስ ከእናቷ ወረሰችው፤ እናቷም ከእናቷ።

ሴት ግን ፌሚ ላይ አትሳፈርም፤ ገደ ቢስ ናት ይባላል። ዶርካስ ባሏን ዋትን ስንቴ ለምናዋለች!

«አንድ ቀን እንኳ? ባሕሩ ጸጥ ሲል?»

«ካዲ ይገድለኛል» ይላል ዋት። የጀልባዋ አለቃ ካዲ ነበረና።

ታዲያ አዲስ ጀልባ ወደ ውሃ ከሚገፋው ትራክተር ጋር መጥቶ ፌሚ ጡረታ ስትወጣ፣ ዶርካስ ዋትን ጠምዝዛ አስገዛችው። ዋት «ምን እናድርጋት?» ቢላት «እኔ ልቀመጥባት» አለችው። እሱ አልጋና ምድጃ ሠራ፣ እሷ ቀለም ቀባች። መጀመሪያ የወጡ ዕለት ዶርካስ ከባሕር ላይ ዞር ብላ መንደሯን አየች። ጸሎት ቤቱ፣ ዓሣ የሚታጠንበት ጎጆ፣ ገመድ ላይ የተሰጣው የገዛ አንሶላዋ ሳይቀር፣ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። አለቀሰች። ተመልሳም ካዲን በሩ ድረስ ሄዳ «ይህን ሁሉ ዘመን ለብቻችሁ ስታዩት ነበር፣ እናንተ ስግብግቦች!» ብላ ሰደበችው። ዋት ከሞተ በኋላ ቤቱን ለቅቃ ጓዟን ይዛ ፌሚ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ ሎሪመር የሚባል፣ ከባሕር ርቆ መጠጥ ቤት ያለው ትሑት ሰው ነበር። ዶርካስና ካዲ በፌሚ አሳፍረው ከወደቡ አፍ ወጣ አደረጉት። ሰውየው ነፋሱን እየማገ ዕቅዱን ዘረጋ።

«አትክልት ቦታዬ ውስጥ አቆማታለሁ። አፍንጫዋ ላይ አበባ፣ ጎኗ ላይ ለልጆች መንሸራተቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አጠገቧ አሳማ እየጠበስን . . .»

ካዲ ዘሎ የጀልባዋን ብረት ጨበጠ። በስኬርበርን ያ እንስሳ ባሕር ላይ በስሙ አይጠራም፤ የተጠራ እንደሆነ ብረት ይያዛል። ዶርካስ የጸሎት ቤት ሰው ናትና በእንዲህ ያለው ነገር አላምንም ትላለች። እጇ ግን ከካዲ እጅ ቀድሞ ብረቱ ላይ ነበር።

«ተሽጣለች» አለች መሪውን እያዞረች።

«ለማን?»

«እሱን ገና አላወቅኩም።»

ሰውየው ከሄደ በኋላ ካዲ መቀለዱን ተወ።

«ዶርካስ፣ መልአክ ቢመጣ አትሸጪለትም። እመኚ።»

ዶርካስ ማንቆርቆሪያዋን ምድጃው ላይ ጣደች። «ፈርቻለሁ» አለች። «እሷ ከሄደች እኔ ማን ነኝ? ዳሌዋን የምታሽ አሮጊት።»

«ዳሌሽንማ አሁንም እያሸሽ ነው» አለ ካዲ፤ ሻዩን ግን እሱ ቀዳላት።

ከዚያ ሮዊና ሳይክስ መጣች፤ ጡረታ የወጣች የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ከጀልባ ውስጥ የምታውቀው መሪውን ብቻ ነው። በሰሜን ካሉት ደሴቶች መሀል ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርኩ እኖርባታለሁ አለች። መሪውን ስትይዝ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ብላ ጮኸች፤ ካዲ ሳያስበው ጠጋ አለ። ከወደቡ ራቅ እንዳሉ ወደ ኋላዋ ዞረች። ሞተሩን ቀነሰችና ለረጅም ጊዜ መንደሩን አየች።

«ወይዘሮ ሬነር፣ እዚያ ያሉት ሰዎች መንደራቸው ከዚህ እንዲህ እንደሚያምር ያውቃሉ?»

«ወንዶቹ ያውቃሉ፣ የኔ ቆንጆ። ለሴቶቹ አልነገሩንም።»

«ስግብግቦች!» አለች ሮዊና።

ካዲ ግንባሩን መታ። ዶርካስ ሆዷ ባባ፣ ሳቋም መጣ፤ ፌሚ ያን ጊዜ ተሸጠች።

በርክክቡ ቀን ፌሚ አሸዋው ላይ ነበረች፤ ካዲ የሆዷን ቀለም ሊያድስላት አውጥቷት። ውሃው ሲሞላ ትራክተር ሊያመጣ ቢል አሮጊቶቹ ከድሮ ጀምሮ ተሰቅሎ የቀረውን የመሳቢያ ገመድ ተሸክመው ከች አሉ። ከፊት የዶርካስ ጎረቤት ፔግ ዳውሰን በከዘራ ትመራለች።

«ትራክተርህን ለድንችህ!» አለችው።

ሳቡ። ገፉ። ተሳደቡ። ዶርካስ ዳሌዋን ረስታ እስከ ወገቧ ገባች። ፌሚ ተንሳፈፈች፤ ሮዊና መሪውን፣ እስከሚቀጥለው ወደብ መንገድ የሚያሳያት ካዲ ደግሞ የጀልባዋን አፍንጫ ይዘው ከቋጥኙ ጀርባ ተሰወሩ።

ሴቶቹ ቆሙ። ውሃ ከቀሚሳቸው ይንጠባጠባል። እናቷን ልትወስድ የመጣችው ኤልስፔት ከመኪናዋ ውስጥ ክላክስ ነፋች። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለች ፔግ ቆይታ።

«ፌሚን» አለች ዶርካስ፤ ካለችው በኋላ ነው ነገሩ የገባት።

«ሴትዮ፣ ሸጠሻታል እኮ! አትመለስም።»

«አውቃለሁ። እንግዲያው አንቺ ቅደሚና ሂጂ።»

«እኔ? እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ታንቀኛለች!»

ኤልስፔት መጥታ ለመነች፣ ተቆጣች፣ ብርድ ልብስ አመጣች። ብርድ ልብሱን ተጋርተው ለበሱና ቆሙ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ዶርካስ ሞኝነቱ እየታያት፣ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። የገፋቻት ጀልባ ባሕር ላይ ናት፤ ታዲያ እንዴት ትሂድ?

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከቋጥኙ ጀርባ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ፌሚ ነበረች። ካዲ አፍንጫዋ ላይ ቆሞ የሩቅ ማያ መነጽሩን ያወዛውዛል።

«ከቋጥኙ ማዶ ወደ መሀል ስንወጣ በመነጽር አይተናችኋል፣ እናንተ እብዶች! ሮዊና ምን ሆነው ነው የቆሙት አለችኝ፤ ብነግራት መሪውን አዞረችው!»

ፌሚ አሸዋውን በቀስታ ነካች። ሮዊና አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«የመጨረሻ ፌርማታ! ሁላችሁም ወደየቤታችሁ!»

ዶርካስ ውሃው ውስጥ ገብታ እጇን ፌሚ ላይ አሳረፈች። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም፤ መዳፏ ሰማያዊ ሆነ። ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ገብታለች» አለቻቸው።

አሮጊቶቹ እፎይ ብለው ተበተኑ። ካዲ ከላይ «ትንሽ ገፋ አታደርጉንም?» ቢል «ንክች እንዳታደርጓት! ከገፋናት እንደገና መጠበቃችን ነው። በራሷ ሞተር ትውጣ!» አለች ዶርካስ፤ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታም አሸዋውን ወጣች።

ኤልስፔት የመኪናው ወንበር ላይ ጋዜጣ አነጠፈችላት። ከኋላቸው የፌሚ ሞተር ተነሣ፤ ድምፁም እየራቀ ሄደ።

«እማዬ፣ ዞረሽ አታዪያትም?»

«ገብታለች አልኩሽ እኮ» አለች ዶርካስ፤ በሰማያዊ እጇም በሩን ዘጋች።