የዶክተር ዱባ ቦቲ ጫማ

ዶክተር ዱባ ሐኪም አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት በር ጠብቆ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ጎረቤቶቹ ነን፤ ፕሮፌሰር ብንለውም ከኪሳችን አይወጣ።

ነገሩ የጀመረው የልብስ ሰፊዋ ዶሮ ከስታ ከስታ ላባ ብቻ በቀረች ጊዜ ነው። እሱ የደረቀ የዱባ ፍሬ ወቅጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ፣ ጠዋት በባዶ ሆዷ አበላት። በማግስቱ ዶሮዋ የክር ቁራጭ የመሰሉ ትሎች ጣለች። ልብስ ሰፊዋ «ከማሽኔ ሥር የለቀመችው ክር እንዳይሆን» ብላ ብትጠራጠርም፣ በወሩ እንቁላል ስታገኝ አፏን ዘጋች።

ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ ዶሮ የሚያረባ ጠፋ። ቦቲውን አጥልቆ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን በየአጥሩ ይፈለጋል። ወንበር ሲያቀርቡለት አይቀመጥም። ሐኪም ሥራ ላይ ይቀመጣል እንዴ?

የዙረቱ ማብቂያ የሴት ልጁ ቤት ነበር። ልጁ ከስፌት ፋብሪካ ስትቀነስ ስልሳ ቄብ ዶሮዎች ገዝታ፣ ጓሮዋን በቆርቆሮ ከልላ፣ ሁለት ልጆቿን በእነሱ ላሳድግ ብላ የተነሳች ሴት ናት። ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ዝናቡ በጠና ወር የሰፈሩ ዶሮዎች ክንፋቸውን ጥለው ይኮማተሩ፣ ኩሳቸውም ደም ይቀላቅል ጀመር። ዶክተር ዱባ «ትሉ ብሶባቸዋል» ብሎ መጠኑን እጥፍ አደረገ። የልብስ ሰፊዋ ዶሮ ሞተች፤ የጎረቤታችን የዳቦ ጋጋሪው ሁለት ዶሮዎች ተከተሉ። እሱም ዙረቱን ጠዋትና ማታ አደረገው። ንጹሕ ሰው ነው፤ ባልዲውን በሳሙና ያጥባል፣ እጁን ይታጠባል። ቦቲውን ግን ለጭቃ የተሠራ ነገር ማጠብ ሞኝነት ነው ይል ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሱ የገባበት ጓሮ አይተርፍም እያልን ሳምንት ሙሉ ስቀናል፤ ለእሱ ግን የነገረው ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪው የእንስሳት ሐኪም ጠራ። የመጣችው ወጣት ሴት የሞተችውን ዶሮ ቀድዳ፣ ደም የሞላውን አንጀት አሳየችን። ትል አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ተባይ ነው አለች። ከኩስ ጋር ይወጣል፣ በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ይበረታል፣ በጫማ ከቤት ቤት ይሄዳል።

«በሁሉም ጓሮ የሚገባ ሰው አለ?»

ሁላችንም ደመና ማየት ጀመርን።

«ዱባውስ?» አላት ከመካከላችን የቆመው ዶክተር ዱባ።

«ለትል ይረዳ ይሆናል፣ አባባ። ይሄን ግን አይነካውም።»

እግሩን አየ። ያን ዕለት ጠዋት ከዳቦ ጋጋሪው ጓሮ የሄደው በቀጥታ ወደ ልጁ ነበር።

ቦቲውን እዚያው አውልቆ በካልሲው ሄደ። ልጁ ቆርቆሮው ውስጥ ሆና ጉዝጓዝ ትጠርግ ነበር። ከውጭ ቆሞ የሰማውን ሁሉ ነገራት።

«በዚህ ሳምንት ስንቴ ገባህ፣ አባዬ?»

«በየቀኑ። ጠዋትም ማታም።»

መጥረጊያዋን አቆመች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«በቃ፣ አንተ አትግባ።»

የሐኪሟ መድኃኒት በውኃ የሚሰጥ ነበር፤ ሕመሙ የጠናበት ዶሮ ደግሞ ብዙ ውኃ አይጠጣም። በዘጠኝ ቀን ከስልሳው አሥራ አንድ ብቻ ተረፉ። ልጁ እነሱን ለሰው ሰጥታ፣ ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልጋል ወደተባለበት ሩቅ ከተማ ልጆቿን ይዛ ሄደች። ሻንጣዋን አውቶቡስ ድረስ የተሸከመው እሱ ነው።

ዛሬም ዶሮው ትል የያዘበት ሰው በሩን ያንኳኳል። እሱ ግን ዶሮ አላውቅም ይላል።

ባለፈው ሰሞን ልጁ ደወለች። ጆሮው ስለደከመ በስልክ የሚያወራው በድምፅ ማጉያ ነው፤ ስለዚህ ሰፈሩ አብሮ አወራ ማለት ይቻላል። ልጆቹን ናፍቀሃቸዋል፣ ሦስት ዶሮም ገዝተናል፣ መጥተህ እይልን አለችው።

«እግሬን ያመኛል፣ ልጄ» አላት።

እግሩ ምንም አልሆነም።