ከአባቴ ጫንቃ ላይ ያወረድኩት ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ ላይ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አፈሩን ነክቶ ያ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ እሰይ ሲል እኔን ንዴት ይቀድመኛል፤ ከደምበጫ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን፣ ወደ ሰባተኛ ክፍል ይወስደኛል።

የታሪክ መምህራችን ከሩቅ አገር የመጡ፣ ጫማቸው ከጭቃችን ጋር ያልታረቀ፣ ስለ ባቢሎን ሲያወሩ ግን ትናንት ከዚያ የመጡ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ወንዝ ሥለው፣ የግብፅ ሥልጣኔ የቆመው ወንዙ በየዓመቱ በሚያመጣው ጥቁር አፈር ላይ መሆኑን ሲነግሩን እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ አፈሩ እኮ የኛ ነው! የአባቴም ማሳ አብሮ ሄዷል።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ የቀለድኩባቸው መሰላቸው፤ ይቅርታ ካልጠየቅሽ አትገቢም አሉኝ። አልጠይቅም ብዬ ወጣሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ማሳችንን እየላጠ ወደ ገደሉ፣ ከገደሉም ወደ አባይ ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ላየሁት ምን ይቅርታ አለው?

አባቴን ግን ጭንቅ ያዘው። ዘመድ አዝማዱ እኔን ከትምህርት አስወጥቶ ለመዳር ሰበብ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። በማግስቱ፣ በአገራችን የበደለ ሰው ዕርቅ ሲለምን እንደሚያደርገው፣ ከማሳው ድንጋይ አንስቶ ጫንቃው ላይ ጭኖ፣ እኔን አስከትሎ፣ አጎንብሶ ክፍላችን በር ላይ ቆመ።

«የልጄን ጥፋት እኔ ተሸክሜዋለሁ። ስለ እግዜር ብለው ይማሯት» አለ።

ማንም አልሳቀም። ልቤ ነደደ። ድንጋዩን ከጫንቃው በሁለት እጄ አውርጄ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይቺን ድንጋይ አምና አናውቃትም ነበር። አፈሩ ሲሄድ ነው ብቅ ያለች። አባቴ ምን በደለ?»

አባቴ በድንጋጤ ዓይኑን ጨፈነ። መምህሩ ወደ በሩ ሄደው አባቴን በትከሻው ይዘው ቀና አደረጉት፤ እኔንም «ተቀመጪ» አሉኝ። አምነውኝ ይሁን አዝነውልን እስከ ዛሬ አላውቅም። ትምህርቱ ከቆመበት ቀጠለ፤ በዚያው ቀን ወደ ኢንደስ ወንዝ ተሻገርን።

አባቴ ዛሬ የለም። ማሳውም የለም፤ ጤፍ ይታጨድበት በነበረው ቦታ ፍየል እንኳ የምትቀነጥበው ታጣለች። ባለፈው ሳምንት ልጄ ያንኑ ትምህርት ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ስለ አያቷ ነገርኳት፤ እሷም መጽሐፏ ላይ ካለው የወንዙ ሥዕል በላይ ስሙን ከነአባቱ ጻፈችው። መምህሯ ቢቆጧት አብሬያት እሄዳለሁ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ግን አይደለም።