መወርወሪያው የሚሰማበት ቅጂ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ጥጥና አልኮል ነበር። የኮምፒውተር ሠርተፊኬቴን በፕላስቲክ አሽጌ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ወዳለው ሙዚቃ ቤት ስገባ፣ ባለቤቱ ጋሽ ተፈራ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። ከዚያ የካሴት ማጫወቻውን ከፍተው ጥብጣቡን የሚያነበው ሄድ የሚባለው ብረት እንዴት እንደሚጸዳ አሳዩኝ። ይህን ያላወቀ ሰው እዚህ ቤት ምንም እንደማይነካ ነገሩኝ። ተናደድኩ። ሁለት ዓመት የተማርኩት ጥጥ ለመያዝ አልነበረም።

ቤቱ ሦስት ኮምፒውተር ነበረው። አንደኛው ጓዳ ውስጥ ሆኖ ድምፅ የምናጸዳበት ነው። ሁለተኛው ከካሴት ማጫወቻው ጋር ተያይዞ ካሴት ይገለበጥበታል። ሦስተኛው ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ የደንበኛ ፍላሽና ሚሞሪ ይሞላል። ያኔ ዘፈን በስልክ ከኢንተርኔት ማውረድ ገና አልተለመደም፤ ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣና "አዳዲሱን ሙይልኝ" ይላል።

ዘፈኖቹ ግን እግዜር ያሳያችሁ። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በፍላሽ ስለሚመላለሱ አንዱ ዘፈን በሦስት ስም ሦስት ቦታ ይገኛል። "አዲስ ፎልደር" የሚል ፎልደር ስትከፍቱ ውስጡ ሌላ "አዲስ ፎልደር" አለ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እኛ እንፈልጋለን።

እኔ በዘፋኝ ስም ልደርድር አልኩ። ጋሽ ተፈራ እምቢ አሉ። ሰው ዘፈን የሚፈልገው በዘፋኝ ስም አይደለም፤ "የእህቴ ሠርግ ላይ የተዘፈነው" ብሎ ነው የሚመጣው፣ አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ያ ዘፈን ስንተኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቃሉ። ስንጨቃጨቅ ሳምንት ሞላን። በመጨረሻ የፎልደሮቹን ቁጥር ከመደርደሪያዎቹ ቁጥር ጋር አንድ አደረግሁት። ደንበኞች ከቤታቸው ያመጧቸው ካሴቶች ቅጂ ለብቻው "አደራ" በሚል ፎልደር ገባ፤ እያንዳንዱ ፋይልም የካሴቱን ባለቤት ስም ያዘ። የዚህን ፎልደር ስም ያወጡት ጋሽ ተፈራ ናቸው።

ቀጥዬ ሦስቱን ኮምፒውተሮች በኬብል አገናኘሁ። ማታ ሱቁን ልንዘጋ ስንል አንድ ፕሮግራም ሦስቱን ያስተያያል፤ ስማቸው አንድ የሆኑ ፋይሎች ካገኘ ቀኑ አዲስ የሆነውን ይወስድና አሮጌውን አጥፍቶ በቦታው ይተካዋል። የመጀመሪያውን ቀን ጓዳ ያለውን ዘፈን ባንኮኒው ላይ ባጫወትኩላቸው ጊዜ፣ ጋሽ ተፈራ ጓዳ ገብተው ምንም ካሴት እየዞረ እንዳልሆነ አይተው ተመለሱ። ከጎረቤት ሻይ አዘዙልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በጥር ወር እትዬ ዘነበች አንድ ካሴት ይዘው መጡ። (ስማቸውንም የልጃቸውንም ስም ቀይሬያለሁ።) ባለቤታቸው ሸማኔ ነበሩ፣ ከጋሞ የመጡ፤ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በካሴቱ ውስጥ ሸማ እየሠሩ ለልጃቸው ለምሕረት ራሳቸው ያወጡላትን ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ግማሹን በጋሞኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ምሕረት በወሩ መጨረሻ ልታገባ ነው። እናትየው ዘፈኑ ልጅቷ ከቤት ስትወጣ እንዲሰማ ይፈልጋሉ። ልጅቷ ካሴቱ መኖሩንም አታውቅም።

ገለበጥኩት። ከሸማኔው ድምፅ ጋር የማያቋርጥ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር አለ። ጓዳ ወስጄ ግማሽ ቀን ሠራሁበትና አጸዳሁት። ድምፃቸው ብቻውን ጥርት ብሎ ወጣ። ለእትዬ ዘነበች በጆሮ ማዳመጫ አሰማኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙና ማዳመጫውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ሥራው የታለ?" አሉኝ። "እሱ እኮ መወርወሪያው እጁ ላይ ከሌለ አይዘፍንም።"

ያ ቋ ቋ የሚለው ማግ ይዞ የሚመላለሰው መወርወሪያ ጠርዝ ሲመታና ማጉ ሲጠጋ ነበር ለካ። እኔ ሰውየውን ከሥራቸው አስነስቻቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካሴቱን ኮምፒውተር ሁለት ላይ እንደገና ገለበጥኩት፤ ምንም ሳልነካ፣ ከነምቱ። "እትዬ ዘነበች" የሚለው፣ ያጸዳሁት ቅጂ የተያዘበት ፋይል ላይ በዚያው ስም አስቀመጥኩት። ካሴቱን ወደ መነሻው ስመልሰው ማጫወቻው ጥብጣቡን ጎትቶ በላው። ብዙ አልደነገጥኩም። ቅጂው ተይዟል፣ ማታ ደግሞ በሦስት ኮምፒውተር ይሆናል ብዬ የተጨማደደውን ጥብጣብ ከነካሴቱ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ እትዬ ዘነበች ፍላሽ ይዘው ሲመጡ ፋይሉን ከፈትኩ። ድምፃቸው ብቻውን ጥርት ብሎ ወጣ። መወርወሪያ የለም። አንድን ከፈትኩ፣ ሁለትን ከፈትኩ፣ ሦስትን ከፈትኩ። በሦስቱም ያው ያጸዳሁት ነው። እትዬ ዘነበችን መብራት ቀነሰ ብዬ ዋሽቼ ነገ እንዲመጡ ነገርኳቸው። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሞከርኩ፤ ያመጣልኝ ፋይል አልከፈት አለ።

ከዚያ በአጋጣሚ የኮምፒውተር ሁለትን ቀን አየሁ። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ሰዓቱም በስድስት ሰዓት ይለያል።

ጋሽ ተፈራን ኮምፒውተር ሁለትን የነካ ሰው ይኖር እንደሆን ጠየቅኋቸው።

"በዚያን ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀን ሙላ አለኝ፤ ሞላሁለት" አሉ።

የሞሉት ትክክለኛውን ቀን ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን፣ እኔም እናቴም የምንኖርበትን። ፕሮግራሙ ግን የኛን ዘመን አያውቅም። አዲሱን ቅጂ ስምንት ዓመት ያረጀ መስሎት በቀደመው ተካው፤ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። በጋሽ ተፈራ ላይ ልጮህ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዘጋሁት። ሁለቱን ቅጂ በአንድ ስም ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቀኑንም ሳላይ ሥራ የጀመርኩት እኔው ነኝ።

ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ለሃያ ዓመት ከሰው የተቀበሉት ካሴት ጠፍቶባቸው አያውቅም። "ፖስታውን አምጪ" አሉ።

ካሴቱን በትንሿ ካቻቢቴ ፈቱት። ጥብጣቡን መስታወት ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጭምድዱን እየዳሰሱ ያቃኑት ጀመር። የዚያን ቀንም የማግስቱንም ሙሉ ቀን ከወንበራቸው አልተነሱም። ደንበኞቹን እኔ አስተናገድኩ። እትዬ ዘነበች ቅዳሜ ሲመጡ እንዲያዩት አስገባኋቸውና እውነቱን ነገርኳቸው። ጋሽ ተፈራ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ፣ እኔም የእኔ ነው አልኩ። እትዬ ዘነበች ሁለታችንንም አልሰሙንም፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ጥብጣብ እያዩ ነበር።

አንድ ክንድ የሚሆነው አልዳነም። ጋሽ ተፈራ ቆርጠው ጣሉትና ጫፍና ጫፉን አጣበቁት። ሄዱን እኔ በጥጥና በአልኮል አጸዳሁ፣ ሦስት ጊዜ። ገለበጥነው። መወርወሪያው ከነምቱ ተመለሰ፤ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ግን አሥር ሰከንድ ያህል ጎደለ። የጎደለውን ካጸዳሁት ቅጂ ወስጄ ሞላሁት። እዚያ ቦታ ምቱ ቀጥ ይላል፣ ድምፃቸው ብቻውን ይሄዳል፣ ከዚያ ምቱ ይመለሳል። እትዬ ዘነበችን ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ "ለልጅቷ ብቻ አትንገሩብኝ" አሉ።

በሠርጉ ቀን ዘፈኑን እንዳጫውት እኔም ተጠራሁ። ምሕረት በነጭ ቀሚሷ በር ላይ ስትደርስ ከፈትኩት። መጀመሪያ የተሰማው መወርወሪያው ነው። አባቷ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ በምቱ አወቀቻቸው። የሙሽራውን ክንድ ለቃ በሩን ያዘች።

ያ ክፍት ቦታ መጣ። ምቱ ቆመ፤ ድምፃቸው ብቻውን ቀጠለ። ምሕረት እያለቀሰች ወደ ሙሽራው ዞረች።

"እዚህ ጋ ክር ተበጥሶበት ነው" አለችው። "ሲቀጥለው ዘፈኑን አያቆምም ነበር። ጫፉን ፈልጌ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።"

ምቱ ተመለሰ። እትዬ ዘነበች በሰው መካከል አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

ሙዚቃ ቤቱ ዛሬ የስልክ መለዋወጫ ይሸጥበታል። ጋሽ ተፈራ ዓይናቸው ደክሟል፤ እሑድ እሑድ ስጠይቃቸው አሁንም በቀኑ ነገር ይቀልዱብኛል። ያ ሱቅ በጣም ይናፍቀኛል፣ የአልኮሉ ሽታ ሳይቀር። እኔ አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት የድምፅ ማኅደር ኃላፊ ነኝ፤ ሥሬ ያሉት ወጣቶች ከእኔ የተሻለ ኮምፒውተር ያውቃሉ።

የምነግራቸው ትንሽ ነው። ቀኑን ሳታዩ ሥራ አትጀምሩ፤ ለሁለት ቅጂ አንድ ስም አትስጡ። የተያያዙ ሦስት ኮምፒውተሮች አብረው ስለሚሳሳቱ፣ አንድ ቅጂ ኬብል በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ድምፅ ከማጽዳታችሁ በፊት ደግሞ የትኛው እንደሚጠፋ ባለቤቱን ጠይቁ።