ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር

ሾፌሩ በሥራ ዘመኑ አንድም ገና ቤቱ ውሎ አያውቅም ነበር። በዓል በደረሰ ቁጥር ከባልደረቦቹ አንዱ እናቱን ያሳምማል፣ ሌላው ወገቤን ይላል፤ እሱ ደግሞ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነውና የገና ዕለት የአውቶብሱ መሪ ሁልጊዜ እሱ እጅ ላይ ይወድቃል። ሚስቱ የመጀመሪያውን ዓመት አለቀሰች፣ ሁለተኛውን ዓመት አኮረፈች፣ በሦስተኛው ዓመት ግን የበኩር ልጇን አዝላ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በዘንቢል ይዛ አውቶብሱ ላይ ወጣች። "አንተ ወደ ገና ካልመጣህ ገና ወደ አንተ ይመጣል!" አለችውና ትኬቷን ቆርጣ ከኋላ ተቀመጠች።

የቤተሰቡ ገና እንዲህ ተጀመረ። ልጆች ሲጨመሩ ዘንቢሉም እየከበደ ሄደ። በዓል ስለሆነ አውቶብሱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተሩ እስኪያርፍ እንቁላል ይላጣል፣ ብርቱካን ይከፈላል፣ ለትኬት ቆራጩም ድርሻው ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሁሉም ወንበር ወንበሩን ይይዝና በመጡበት መንገድ መመለስ ነው። ሰው ሲሰማ "ይሄም በዓል ሆኖ!" ይላል። ልጆቹ ግን በማንም ቤት ገና አይለውጡትም ነበር።

ለዚህም ምክንያቱ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ነው። ነገሩን ያመጣው ትልቁ ልጅ ነበር። ገና ጥርሱን እየቀየረ ሳለ የጎረቤት መስኮት በኳስ ይሰብርና ፊት ለፊት መናገሩ ጭንቅ ይሆንበታል። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አለና ለአባቱ ጀርባ ተናዘዘ። ከፊት መስታወቱ በላይ "ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ አባቱም ሕግ አክባሪ ነው። መዞር አልቻለም፣ መቆጣት አልቻለም፣ ልጁን በስፖኪዮ አይቶ ራሱን ነቀነቀ ብቻ። ልጁ እየሮጠ ወደ እህቶቹ ሄዶ፣ "አይዞርም እኮ!" ብሎ አበሠራቸው።

ከዚያ ወዲህ በየገናው ሦስቱም ልጆች በየተራ፣ ከአንዱ ፌርማታ እስከሚቀጥለው፣ እዚያ እየተቀመጡ ዓመቱን ሙሉ ሆድ ይፍጀው ያሉትን ይዘረግፉለታል። የተደበቀ የፈተና ውጤት፣ ተሰርቆ የተጨሰ ሲጋራ፣ የመጀመሪያ ፍቅር፣ ሁለተኛ ፍቅር። ሾፌሩ ይሰማል፣ ይነዳል። መልሱ ሰንብቶ በሥራ ይመጣል፦ ሁለተኛዋ ልጁ ሒሳብ እንዳልገባት በነገረችው ሳምንት፣ የሚያስጠናት ጎረቤት "እንዲያው ስላለፍኩ" ብሎ ቤታቸው ብቅ አለ።

አምና፣ በሥራ ላይ የመጨረሻው ገናው መሆኑ ነው፣ የቤቱ ትንሿ ልጅ ተራዋ ደረሰ። ጩጬ ይሏታል፤ ቁመቷ የሁሉንም አልፎ፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ እየሠራች እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። "አባዬ፣ ያ ልጅ…" ብላ ጀመረች። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከነሻንጣቸው እየተነፈሱ ገቡ። "ሆስፒታል ጋ ያደርሰኛል?" ብለው ሾፌሩን ጠየቁት፤ ክልክል ነው የሚለውን ማን አንብቦት! እሱ መልሶ፣ ሻንጣው ቦታ አግኝቶ፣ ሴትዮዋ እስኪቀመጡ የጩጬ ፌርማታ አለፈ።

ያ ልጅ እጮኛዋ ነው፤ የሾፌሩ የልብ ወዳጅና የሥራ ባልደረባ ልጅ። አባቶቹ ቃል ተለዋውጠዋል፣ እሷም "እሺ" ብላለች። ከዚያ ሾፌሩ ጡረታ ወጣ። ያልተጨረሰው ዐረፍተ ነገር ግን አብሮት ወጣ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን አገኛትና፣ "ያኔ ምን ልትይኝ ነበር?" አላት።

"ኧረ ምንም፣ አባዬ! ረስቼዋለሁ።"

እንዲህ ስትል ግን የማትረሳው ነገር እንደሆነ ዓይኗ ይናገር ነበር።

ጡረታውም ቢሆን አልተመቸውም። ማለዳ ይነሣል፣ ጫማውን ያስራል፣ መሄጃ ያጣል። ሚስቱ ስትጠርግ መጥረጊያው እሱ እግር ሥር ነው፤ ስትቀቅል ማማሰያው እሱ እጅ ውስጥ ነው። ድስቶቿን በቁመት ደርድሮ ሲጠብቃት፣ "ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት አሉ! ኧረ ተወኝ አንተ ሰውዬ!" ብላ ሳቀችበት። አብሯት ሳቀ፤ ግን ሆዱ ባባ። ቀን ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ያብሰለስላል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ዘመን የልባቸውን ሲነግሩ የኖሩት ለእሱ ሳይሆን ለአውቶብሱ ቢሆንስ? አውቶብሱን ለሌላ ሾፌር አስረክቧል። እንግዲህ ማን ምን ብሎ ይነግረዋል?

ገና ደረሰ። ሚስቱ ከሳምንት በፊት ጀምራ ምድር አልበቃት ብሎ ነበር። አዲስ የጠረጴዛ ልብስ ተነጠፈ፣ ዶሮ ተጠበሰ፣ የማይነኩት ሳህኖች ከቁም ሣጥን ወረዱ። "ዘንድሮ እንደ ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ!" እያለች ትዘምራለች።

ልጆቹ መጡ፣ ተሳሳሙ፣ ወደ ጠረጴዛው አለፉ። ሦስቱም በአንድ ወገን፣ አንዱ ከሌላው አጠገብ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው ተደረደሩ። ከፊታቸው ያሉት ወንበሮች ባዷቸውን ቀሩ። እናት ሳህን ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች።

"ምንድን ነው ይሄ? የሐኪም ቤት ወረፋ ነው እንዴ?"

ሳቁና ቦታ ተለዋወጡ። ፊት ለፊት መተያየቱ ግን ጭራሽ ባሰ። በዓልን እንዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አክብረው አያውቁማ! የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ትልቁ ልጅ "ዶሮው ግሩም ነው" አለ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ እንደገና አለ። አስተማሪዋ ሁለተኛዋ ልጅ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም የምታሰኘው፣ ጨው አቀብሉኝ ከማለት በቀር ነገር አጣች። ጩጬ አንዲቷን ካሮት በሹካዋ ከሳህኑ ዳር እስከ ዳር ታንከባልላለች።

"ሠርጉ እንዴት ነው?" አላት አባቷ፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ።

"ጥሩ ነው።"

ካሮቷ ቆመች፣ እንደገና ተንከባለለች። ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። ያቺ ዐረፍተ ነገር ጉሮሮዋ ላይ እንደተሰነቀረች ታየው፤ ዘንድሮ ካልወጣች መቼም እንደማትወጣ፣ ልጁም ተድራ እንደምትሄድ፣ እሱም ያ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንደሚቀር ታየው። ብድግ አለ። ወንበሩን አንሥቶ መስኮቱ ጋ ወሰደና ጀርባውን ለጠረጴዛው ሰጥቶ ወደ መንገዱ ዞሮ ተቀመጠ።

"ምነው? ምግቡ አልጣመህም?" አለች ሚስቱ ደንግጣ።

"ጥሞኛል።"

"ታዲያ ምን አድርገንህ ነው ጀርባህን የምትሰጠን?"

"ልነሣ ነው" አለ ሾፌሩ። "የሚሳፈር ካለ ይሳፈር።"

ጆሮው ጋለ። ሽማግሌ ሰው፣ የገና ዕለት፣ በገዛ ቤቱ አውቶብስ አውቶብስ ሲጫወት! ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ጸና። ውጭ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ያልፋል። ማዶ ካለው ሰገነት ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ዓይኑን እዚያ ላይ ተክሎ ጠበቀ።

ወንበር ሲጎተት ሰማ።

"አባዬ።"

ራሱን ነቀነቀ።

"ያ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ግን… ሲመጣ አይደለም ደስ የሚለኝ፣ ሲሄድ ነው። አንተ ለወዳጅህ ቃል ሰጥተሃል፣ ላዋርድህ አልፈለግኩም። ስንቴ ልነግርህ መጥቼ ዓይንህን ሳይ ይጠፋኛል።" ትንፋሿ ተቆራረጠ። "አላገባውም፣ አባዬ።"

ጠረጴዛው ጋ ማንኪያ ወደቀ። በወጉ ቢሆን ሾፌሩ ዝም ማለት ነበረበት። ግን እጁ ላይ መሪ የለም፣ እግሩ ሥር ፍሬን የለም፣ ከፊቱ የሚሻገር እግረኛ የለም። ዞረ። ከነወንበሩ ዞረ። ልጁን እንደ ሕፃንነቷ እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አገኛት፣ በመዳፉም ጠረገላት።

"ለወዳጄ የምነግረው እኔ ነኝ።"

"ቢቀየምህስ?"

"ይቀየማላ! እስኪበርድለት እጠብቀዋለሁ። ወራጅ አለ እየተባለ አልፎ የሚሄድ ሾፌር ነበርኩ እንዴ?"

ጩጬ እያለቀሰች ሳቀች። ቤቱ ሁሉ ተነፈሰ። ትልቁ ልጅ ወንበሩን ገፍቶ፣ "በሉ ተራው የኔ ነው፣ እኔም ጉድ አለኝ" ብሎ ሲነሣ እናቱ ትከሻውን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው።

"ቁጭ በል አንተ! እናንተ ከፊት ስትንሾካሾኩ እኔ ከኋላ እንቁላል ስልጥ ነው ያረጀሁት። አንድ ቀን እንኳ ነይ ያለኝ አለ?"

እጇን በጨርቅ ጠርጋ መጣች። ጩጬ ተነሣችላት። ሾፌሩ በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን አስቦት ስለማያውቅ ክው ብሎ ያያት ጀመር።

"ዙር ወደዚያ" አለችው። "ሳልጨርስ እንዳትዞር።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ጩጬ በለቀቀችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ድምጿ ዝቅ አለ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ።

"ጠዋት ከወጣህ እስክትገባ ድረስ በር በር ሳይ ነው የኖርኩት። ጎማ ሲፈነዳ ከሰማሁ አንተ ነህ እላለሁ። ዝናብ ሲጥል አንተ ነህ እላለሁ። አሁን እግሬ ሥር እየገባህ ስታስቸግረኝ እጮህብሃለሁ፣ ግን በሩን ሳላይ ነው የምውለው። ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም።"

እንዳትዞር ተብሏልና አልዞረም። እጁን ብቻ ወደ ኋላ ሰደደላት።