የሃሌሉያ ስልክ በእትዬ ሀጅራ ኪስ

ከገጠር መጥቶ ዲላ የተማረ ሁሉ እትዬ ሀጅራን ያውቃል፤ የማያውቃቸው ካለ ስልኩን ያዳነ ነው። ሱቃቸው ውስጥ ስኳርና ሳሙና ይሸጣሉ፣ ከሱቁ ጀርባ አራት ክፍል ለተማሪ ያከራያሉ። ተከራዮቹ ከገደብ፣ ከኮንጋና ከወርቃ የመጡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ወላጅ "ልጄን አደራ" ሲላቸው እሳቸው መጀመሪያ የሚረከቡት ስልኩን ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ስልክ ሁሉ ሽርጣቸው ኪስ ይገባል፣ ከእራት በኋላ ለአንድ ሰዓት ይወጣል። በመሃል ወላጅ ቢደውል እሳቸው ያነሳሉ። "ቲክቶክ ፈተና አያሳልፍም" ይላሉ፣ ቲክቶክን አንድ ቀን ሳያዩ። እኔ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው በዚህ ደንብ ስንት ዓመት ስስቅ ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ግን አልሳቅሁም።

ሃሌሉያ የወርቃ ልጅ ናት። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ራሷ መጥታ፣ "እትዬ፣ አንድ ሰዓቷንም ይያዙልኝ። ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ። አባዬ ሲደውል ብቻ ያገናኙኝ" አለቻቸው። እትዬ ሀጅራ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። ያን ቀን ለመንደሩ ሁሉ አወሩላት።

ከአራት ቀን በኋላ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች ስልኩ ጠራ። አጎቷ ባልቻ ነበር።

"ቦና አረፈ" አላቸው፣ አባቷን። "አንድ ቀን ነው የታመመው። ነገ እንቀብራለን። ልጅቷ ፈተና ሳትጨርስ እንዳትሰማ። አደራ፣ እትዬ።"

በእኛ ዘንድ ለተፈታኝ መርዶ አይነገርም። እትዬ ሀጅራም ሳያስቡት እንደ ልማዱ "እሺ" አሉ። ስልኩን አጥፍተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

"ምን አደረግሁ?" አሉኝ። "የአባቷ ቀብር እንዲያመልጣት እሺ አልኩ እኮ!"

እውነቱን ልናገርና እኔም ፈራሁ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበራቸውም። የገደቧ ሉሲ ቴሌግራሟን ብትከፍት የወርቃ ወሬ ሁሉ እዚያው አለ። ስለዚህ የሁሉንም ስልክ ቆለፉበት። ሉሲ፣ "ይሄ ፌር አይደለም እትዬ! ደንቡ አንድ ሰዓት ነው" ብላ አለቀሰች። "ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ!" ብለው ጮኹባት። ልጆች ላይ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የሰው አፍ ግን ኪስ ውስጥ አይገባም። በገበያ ቀን አንዲት የወርቃ ሴት ሳሙና ልትገዛ ገብታ ሃሌሉያን አየቻት፤ ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ውይ፣ የኔ ልጅ..." ስትል እትዬ ሀጅራ ሚዛኑን ከነስኳሩ በክርናቸው ገፉት። ስኳሩ መሬት ላይ ተበተነ። "መጥረጊያ! ሃሌሉያ፣ ሩጪ መጥረጊያ አምጪ!" ልጅቷ እስክትመለስ ሴትዮዋን በጆሮዋ አንሾካሹከው አስወጧት። ስሄድ መሬት ላይ ተቀምጠው ስኳር ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

"ልቤ ሊቆም ነው" አሉኝ። "ስትሰማ ዓይኗን እንዴት አያለሁ?"

ከእራት በኋላ ሁሌ የምትጠይቃቸው አንድ ነገር ነበር፤ "አባዬ ደወለ?" እሳቸውም ወደ ድስቱ ዞረው፣ "ደውሏል። ጥናቷን አላቋርጣት፣ ትበርታ ብሏል" ይሏታል። ውሸት የማያውቁት ሴትዮ በሳምንት ውስጥ ተካኑበት። ያም ራሱ አስፈራቸው።

ወደ ፈተናው ግቢ የሚወስደው አውቶቡስ በዝናብ ጠዋት መጣ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሃሌሉያ ቦርሳዋን አንግታ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ አንዴ ለአባዬ ልደውል። ስልክ ሳልነካ እንዳጠናሁ ከእኔው ይስማ። ይመርቀኝ።"

እትዬ ሀጅራ ወደ እኔ አዩ። እኔ ጎንበስ ብዬ መቀስ የምፈልግ መሰልኩ።

"ኔትወርክ የለም" አሉ።

"ወርቃ መቼ ኖሮት ያውቃል!" ብላ ሳቀች። "በሉ እንግዲያው በእሱ ምትክ እርስዎ ይመርቁኝ።" አንገቷን ደፋች።

እትዬ ሀጅራ መዳፋቸውን ዘረጉ። "ሰላም ግቢ፣ ሰላም ውጪ። ያጠናሽውን ያስታውስሽ። ክፉ አይንካሽ። ለወላጆችሽ..." ብለው ቆሙ። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ።

"ጧሪ ቀባሪ ያድርግሽ ይበሉኝ እንጂ" አለች ሃሌሉያ፣ አንገቷን እንደደፋች። "አባዬ ሁሌ በእሷ ነው የሚጨርሰው።"

"ያድርግሽ" አሉ እትዬ ሀጅራ። ድምፃቸው ለእኔ እንኳ በጭንቅ ተሰማ።

"አሜን!" ብላ ጉንጫቸውን ሳመችና ወደ አውቶቡሱ ሮጠች።